የጂፋሬን ንፍሮ የበላሁ ቀን

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረኝ የምገባበት ቤት ነበረኝ። ጡረታ ስወጣ ግን አልነበረኝም። በመካከሉ የሆነውን ነው የማጫውታችሁ።

ስሜ ዘነቡ ነው፤ የጊንጪ ልጅ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት አምቦ፣ በመንግሥት የጤና ሥራ ነው። ስቀጠር ጽዳትና ተላላኪ አሉኝ እንጂ እግሬ ከቢሮ ወለል ይልቅ የሚያውቀው የገጠሩን መንገድ ነው። የክትባት ቡድን ወደ ወረዳ ሲወጣ ስንቅ የምታዘጋጅ፣ ቀድማ መንደር ገብታ እናቶችን የምትጠራ፣ መርፌ አይቶ የሚንፈራገጥ ሕፃን የምትይዝ ሴት ያስፈልገው ነበር። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ስለምናገር ያቺ ሴት እኔ ሆንኩ። ከጃንሆይ ጊዜ እስከ ደርግ አለቃው ተለዋወጠ፣ መኪናው ተለዋወጠ፣ እኔ ግን ከኋላ ወንበር አልተነሣሁም። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ያን ጊዜ ልጄ ወልዳ እኔ አያት ሆኜ ነበር። እናም እንደማወራው ነው የምጽፈው።

የምኖረው በመሥሪያ ቤቱ ጓሮ በነበረች አንዲት ክፍል ነበር። ጡረታ ስወጣ ክፍሏን ለምትተካኝ ሴት መልቀቅ አለብኝ። ልጄ ጊንጪ አግብታ ከአማቶቿ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ነው ያለችው፤ እዚያ ሄጄ የማን ራስጌ ልተኛ? ቢሆንም አልሰጋሁም። ቡልቱ ነበረችኝ።

ቡልቱ በጀልዱ፣ ከጎጆ ከተማ ወዲያ ባለ መንደር የምትኖር ወዳጄ ናት። ወደ ጀልዱ በወጣን ቁጥር የምናድረው እሷ ቤት ነው። ያገሩን ብርድ ታውቁታላችሁ። እሷ አልጋዋ ላይ ከራሷ ጎን አስተኝታ፣ በሁለት ቡሉኮ ጠቅልላ፣ እስኪነጋ ስታስቀኝ ታድራለች። ባሏ ኦቦ ነገራ ጡረታዬ መድረሱን ሲሰማ ከግቢው ጥግ ቦታ ለክቶ ምሰሶ አቆመልኝ። «ቡልቱ እኔን በሌሊት ማስጨነቋን ትታ አንቺን ታስጨንቅ» አለኝ። የቀረው ጣሪያውና ጭቃው ነበር።

እንግዲህ የመጨረሻው ጉዞዬ ወደዚያው ሆነ። በዚያ አካባቢ ኩፍኝ ገብቷል የሚል ወሬ ደረሰን። ወሩ ኅዳር፣ ቀኑ ረቡዕ ነበር። በላንድሮቨሩ የነበርነው ሦስት ነን፦ ሾፌራችን ኦቦ ቶሎሳ፣ ክትባቱን የሚሰጠው ድሬሰር ጥላሁን፣ እኔ። ጥላሁን ቀጭን፣ ትሑት፣ ሁልጊዜ የሚርበው ልጅ ነው።

«አዴ ዘነቡ» አለኝ ቶሎሳ ከጊንጪ ወደ ላይ እንደታጠፍን፣ «አንቺ ከወረድሽ የዚህ መኪና የኋላው ቀለል ብሎ መንገድ ይስታል።»

«ያንተ ሆድ ከፊት ስላለ አይዞህ፣ ሚዛኑን ይጠብቃል» አልኩት።

ጥላሁን ሳቀና፣ «እማማ፣ ጡረታ ወጥተው ምን ሊሠሩ ነው?» አለኝ።

«እቀመጣለሁ። ቡልቱ ደጅ ፀሐይ እየሞቅሁ፣ እናንተ በጭቃ ስትመጡ እያየሁ እስቅባችኋለሁ።»

ቡልቱ ቤት ስንደርስ ግን እንደ ወትሮው ከደጅ ወጥታ አልተቀበለችንም። ኦቦ ነገራ «አካም ጅርቱ» ብሎን ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ከብቶቹ በቀትር በረት ውስጥ ናቸው። ወንዶቹ ሳሎን ገብተው እንደተቀመጡ ቡልቱ ጭኮውን በቅቤ አርሳ፣ እርጎውን በጣሳ ሞልታ አቀረበችላቸው። መንገዱ አንጀታቸውን አውጥቶት ነበርና ያለ ወሬ በሉ። እኔ ረቡዕን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ወደ ማድቤት ተከትያት ገባሁ።

«ጾም ነሽ አይደል?» አለችኝ።

«ነኝ።»

«ውሃም አልቀመስሽም?»

«ቡልቱ፣ ምን ሆነሻል?»

ዱካው ላይ ተቀመጠችና ነገረችኝ። የኦቦ ነገራ ታናሽ ወንድም በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ከወንዙ ማዶ ያለ ሰው በዱላ መትቶ ገድሏል። ገና ሳምንቱ ነው። ገዳዩ እጁን ለፖሊስ ሰጥቶ ታስሯል። ነገሩ ግን በእስር አያልቅም። ጉማ እስኪወጣ፣ ማለት ሽማግሌ ተቀምጦ የደም ዕርቅ እስኪያወርድ ድረስ፣ የገዳይ ወገንና የሟች ወገን አብሮ አይበላም፣ ከአንድ ምንጭ አይቀዳም፣ አንዱ የሌላውን ደጅ አይረግጥም። በዚያ መንደር ወግ ደግሞ እንግዳም ቢሆን ከአንደኛው ቤት ከበላ ወደ ሌላኛው አይገባም።

«ኩፍኙስ የት ነው ያለው?» አልኳት።

«ማዶ ነው፤ እነሱ ዘንድ።»

ከሳሎን የጣሳ ድምፅ ይሰማኛል። እኛ ዘንድ ከመንገድ ለመጣ፣ ለራበው እንግዳ ክፉ ወሬ አይነገርም። መጀመሪያ ይበላል፣ ከዚያ ይነገረዋል። ቡልቱ ከእናቷ የተማረችውን ነው ያደረገችው። የዚያን ቀን ግን ክፉው ወሬ ከጭኮው ጋር አብሮ ነበር የቀረበው፤ እሷም የነገሩን ክብደት ያወቀችው ፊቴን ስታይ ነው።

«ቀድሜ ልነግራቸው ይገባ ነበር?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ርቧቸው ነበር» አልኳት።

ወንዶቹ ሲሰሙ ጥላሁን ግራ ገባው። «እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ በደማቸው ምን አገባኝ?» አለ።

ቶሎሳ ከንፈሩን በእጁ ጠረገ። «እርጎውን ጨልጠህ የለ? አገባህ።»

ወዲያው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከሁለት ሚሊሻ ጋር መጣ። ጠመንጃ በትከሻው ያንጠለጠለ፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው ነው። «ጉማ ምናምን የድሮ ሥርዓት ቅሪት ነው። እኔ ሚሊሻ ልኬ እናቶቹን ከነልጆቻቸው አስነድቼ አመጣለሁ» አለ።

«ጓድ ሊቀመንበር» አልኩት፣ «አንድ ጊዜ ታመጣቸው ይሆናል። ሌላውን ክትባት ለመስጠት ስንመለስ ግን ጫካ ነው የምናገኛቸው። ከለቅሶ ቤት ሴት በጠመንጃ አይነዳም።»

«ታዲያ ምን ይደረግ? ልጆቹ ይለቁ?»

ጥላሁን የክትባቱን ሳጥን ከፍቶ አየና፣ «በረዶው ከነገ ቀትር አያልፍም» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እማማ አልበሉም።»

ሁሉም አፌን አዩት። እንዲህ ያለ ነገር ሆኖብኝ አያውቅም።

ጥላሁን በቡልቱ በኩል ያሉትን ልጆች ሊከትብ ቀረ፤ እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወንዙን ተሻገርኩ። የሟች እናት አዴ ጂፋሬ ትባላለች። ቤቷን አውቀዋለሁ። ሟቹንም አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኖ ለፈንጣጣ ሲከተብ ክንዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ደጇ ስደርስ ይህን እያነሣሁ አለቀስኩ፤ ለይምሰል አልነበረም። ለቅሶ የተቀመጡት ሴቶችም አብረውኝ አለቀሱ። ሲበቃኝ ጂፋሬ ከተቀመጠችበት ገለባ ሳትነሣ ጠየቀችኝ።

«ከየት መጣሽ?»

«ከቡልቱ ቤት።»

አንዲት ሴት እግሯን ሰበሰበች።

«በላሽ?»

«ረቡዕ ነው። ውሃም አልቀመስኩም።»

«ገሊ» አለችኝ፣ ግቢ ማለቷ ነው፤ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ስለ ኩፍኙ ነገርኳት። እሷም ነገረችኝ፤ ከጎረቤት አንድ ልጅ ተቀብሯል፣ ሌሎች ተኝተዋል። የሟች ሚስት ጫልቱ ማዕዘኑ ጋ ተቀምጣ ሕፃን ታጠባለች። ልጂቱ ገና ጤነኛ ናት። ጫልቱ እያየችኝ ሕፃኗን ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው አዛወረቻት።

«ሐኪምሽ ከገዳይ ቤት በልቷል» አለች ጂፋሬ።

«በልቷል። ሳያውቅ ነው።»

«አፉ ባያውቅ ሆዱ ያውቃል። በዚያው እጁ የልጄን ልጅ ይንካ ትይኛለሽ?»

«መርፌው ነው የሚነካት። እጁ ይዞት ነው እንጂ።»

«ዘነቡ፣ እኔ አይደለሁም የከፋሁት። የልጄ አፈር ሳይደርቅ ከገዳዮቹ እንግዳ ጋር ተሻረከች ይሉኛል። የባሌ ወንድሞች በሩ ላይ ናቸው፣ አላየሻቸውም?»

አይቻቸዋለሁ። ሦስት ሽማግሌዎች ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል፣ ሰላምታዬንም አልመለሱም።

ጂፋሬ ሰው ወደ ጓዳ ስትልክ አየሁ። ንፍሮ በሰታቴ መጣ፤ ስንዴና ባቄላ። በሳፋ ከፍላ ፊቴ አስቀመጠችው።

«ዘጠኝ ሰዓት አልፏል» አለችኝ። «ከእኔ ጋር ብይ። ከእኔ ከበላሽ የእኔ ወገን ነሽ። ያንቺ ሰው በአንቺ ስም ይገባል። ከቤቴ የበላች ሴት ናት ያመጣችው ብዬ አፋቸውን እዘጋለሁ።»

ነገሩ ገባኝ። በሩ የሚከፈተው በአፌ ነው። የዚያን ንፍሮ አንድ ጭብጥ ከጎረስኩ ግን የቡልቱ ቤት ይዘጋብኛል።

«ጂፋሬ፣ ማዶ ቤት እየተሠራልኝ ነው።»

«አገር ያውቃል። ምሰሶው ከዚህ ይታያል።»

«ጉማው መቼ የሚወጣ ይመስልሻል?»

«ልቤ ሲወድ። አሁን አይወድም» አለች። አልዋሸችኝም፤ አላባበለችኝም።

ወደ ደጅ ወጣ ብዬ ማዶ አየሁ። እውነት ነው፣ ምሰሶዎቹ ይታያሉ፤ ልጣቸው ተልጦ ነጭ ሆነው ቆመዋል። ቡልቱ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ከሩቅ አረማመዷን አውቀዋለሁ። እግሬ የት እንደሚያርፍ ያወቅሁት ገና በዚያ ዓመት ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ቤት አድሬ፣ የራሴ በር ሊኖረኝ ነው። ተመልሼ ሄጄ «እምቢ አሉኝ» ብል ማንም አይፈርድብኝም። ቶሎሳም ጥላሁንም «አይ እማማ፣ ደክመዋል» ብለው ያጽናኑኝ ነበር። አምቦ ገብቼ ጡረታዬን ወጥቼ ቡልቱ ደጅ ፀሐይ እሞቃለሁ። በየጠዋቱ ደግሞ ይህን ማዶ አያለሁ።

ገባሁና ተቀምጬ ከንፍሮው ጎረስኩ። ጨው አልነበረውም። ጂፋሬም ጎረሰች። ልጇ ከሞተ ወዲህ ከእህል ስትቀምስ ያን ጊዜ መጀመሪያዋ እንደሆነ ሴቶቹ በኋላ ነገሩኝ። ያን ማታ ከእሷ ጋር በገለባው ላይ አደርኩ።

በማግሥቱ ማልጄ ከወንዙ ዳር ስጠራቸው መኪናው ድልድዩን ተሻግሮ አውራ መንገዱ ላይ ቆመ። መንገዱ የማንም ወገን አይደለም ተብሎ እናቶች ወደዚያ ወረዱ። ሊጀመር ሲል ከጂፋሬ የባል ወንድሞች አንዱ ዱላውን በጥላሁንና በሕፃናቱ መካከል ዘረጋ።

«ይህ ከእነሱ የበላ ነው።»

«እሱን አላየሁትም» አለች ጂፋሬ። «እኔ የማየው ዘነቡን ነው። ትናንት ከእኔ ጋር በልታለች። ያመጣችው እሷ ናት።»

«ይብላኝ ለአንቺ። ውሃ ልትሰጪው ነው?»

«ውሃስ አልሰጠውም» አለች። «ይሥራና ይሂድ።»

ሽማግሌው አሰበበትና ዱላውን አነሣ። የልጅ ልጁን ያመጣው ቀድሞ እሱ ነው።

ያን ቀን ጥላሁን ከጠዋት ጀምሮ ያለ ውሃ ሠራ። ፀሐዩ የደጋ ፀሐይ ነው፣ ጉሮሮ ያደርቃል። እናቶቹ በቅል ውሃ ለልጆቻቸው ሲያጠጡ እያየ ምራቁን ይውጣል።

«እማማ፣ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ» አለኝ በሹክሹክታ።

«የትናንቱን እርጎ አስበው» አልኩት።

የጫልቱን ልጅ ራሴ ያዝኳት። መርፌው ሲነካት አንዴ ጮኸችና ጣቴን ይዛ ዝም አለች። ጫልቱ ያን ጊዜ ብቻ አፏን ከፍታ «እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ። በረዶው አልቆ ሳጥኑ ውሃ እስኪሆን ያልተከተበ ልጅ አልቀረም።

ስንመለስ የእኔ ጓዝ ቡልቱ ቤት ስለነበር መኪናው ደጇ ላይ ቆመ። እኔ ከመኪናው ወርጄ መንገዱ ላይ ቀረሁ። ቡልቱ ጓዜን ተሸክማ ወጣች። እንደተለመደው ልታቅፈኝ የመጣች መስሎኝ ነበር፤ ጓዙን መሬት ላይ አኖረችና ወደ ኋላ ሸሸች። ከዚያ ሄጄ አነሣሁት።

«በላሽ አሉ» አለችኝ።

«በላሁ።»

«ምን?»

«ንፍሮ።»

«ጨው ነበረው?»

«አልነበረውም።»

«ይበልሽ» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከነጠላው ውስጥ ሆና፣ «እኔ ነኝ ያበላኋቸው። ዝም ብዬ እንደራባቸው ብለቃቸው ኖሮ አንቺ ትቀሪልኝ ነበር» አለች።

«እንደራባቸው ብትለቂያቸው ኖሮ ቡልቱ አትሆኚም።»

«ቤቱስ?»

«ለልጅሽ ይሁን። ሚስት ሊያገባ ነው እያልሽኝ አልነበር?»

«አፍሽን ዝጊ» አለችኝ። ዞራ ሄደች፤ ከበሩ ላይ ግን ተመለሰች። «ቅዳሜ ለገበያ ጎጆ ስትመጪ አንቺ ከመንገዱ ወዲያ እኔ ወዲህ ቆመን ብናወራ፣ ይህን የከለከለ ሽማግሌ አልሰማሁም።»

ሽኝቴ አምቦ በዚያው ሳምንት ተደረገ። ድፎ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ ጋቢ አለበሱኝ። አለቃችን ተነሥቶ «እማማ ዘነቡ ከእንግዲህ አርፈው ይቀመጣሉ» ሲል ሁሉም አጨበጨበ፤ ጥላሁንና ቶሎሳ ብቻ መሬት መሬት አዩ። ንግግር አድርጊ ሲሉኝ ቆምኩና፣ «ልጆቼ፣ መቀመጫዬን በልቼዋለሁ፤ ስለዚህ አልቀመጥም» አልኳቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የሚገርማችሁ፣ አልከፋኝም። የልብሴን ሻንጣ ይዤ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ ወደ ጊንጪ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ።

መጀመሪያ ጊንጪ ልጄ ዘንድ ከረምኩ። ከዚያ ከዓመታት በፊት መንታ ልጆቿን ያስከተብኩላት አንዲት ሴት ገበያ ላይ አግኝታኝ ይዛኝ ሄደች። ከእሷ ቤት ሌላዋ ወሰደችኝ። ገብስ ሲታጨድ ጀልዱ ጂፋሬ ዘንድ፣ ክረምቱን አምቦ፣ ለበዓል ልጄ ዘንድ እያልኩ ዞርኩ። ቡልቱን ጀልዱ በወጣሁ ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አገኛታለሁ። መሃላችን አህያና ጆንያ እያለፈ እንጮሃለን፤ የጎጆ ሰው የጓዳችንን ወሬ ሁሉ ሰምቶ ጨረሰ። ልጇ በምሰሶዎቹ ላይ ጣሪያ ጥሎ ሚስት አገባበት። ሠርጉን በሩቁ፣ በእልልታው ሰማሁት።

እናንተ የምታነቡ፣ በተለይ የሥራ ዘመናችሁ ሊያልቅ የተቃረባችሁ፣ ብዙዎቻችሁ እንደ እኔ አንድ ጥግ አስባችሁ ይሆናል። ማሰቡ ደግ ነው፤ ጥግ አታብጁ አልላችሁም። እኔ ግን ያን ቀን ያወቅሁት ሌላ ነገር ነው። መንግሥት ከሥራ ሊያወጣኝ ይችላል፤ በየመንደሩ የያዝኳቸውን ክንዶች ግን ሊወስድብኝ አይችልም። ቤት ያጣሁ መስሎኝ ነበር። ቡልቱ ደጅ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ ግን እኔን የሚፈልግ ይህ ሁሉ ደጅ እንዳለ ሳላውቅ እሞት ነበር።

ጊዜ አለፈና የጂፋሬ ልብ ወደደ። ለምን በዚያ ወር እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሽማግሌዎቹ ወንዙ ዳር ተሰበሰቡ። የሟች ወገን በአንድ በኩል ተቀመጠ፤ የገዳይ ወገን እርጥብ ሣር ይዞ ሊለምን በሌላ በኩል ቆመ። እኔም መጥቼ ከዳር ቆሜ ነበር።

«ዘነቡስ የት ትሁን?» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ከእኛ ጋር ነው የበላችው» አለች ጂፋሬ፣ «ከእኛ ጋር ትቀመጣለች።»

ስለዚህ ከሟች እናትና ከጫልቱ መካከል ተቀመጥኩ። የጫልቱ ልጅ ጭኔ ላይ ተደግፋ ቆማለች። የገዳይ ወገን ራሱን ዝቅ አድርጎ እየተራመደ መጣ፤ እያንዳንዱ በተቀመጡት ሰዎች ፊት ሣሩን ዘርግቶ ይለምናል። ኦቦ ነገራ አለፈ። ቡልቱ ተከተለች። ጂፋሬን ለመነች፣ ጂፋሬ ሣሩን ነካችላት። ከዚያ ወደ እኔ መጣች። ሣሩን በሁለት እጇ ይዛ ተንበረከከች፤ ጠጉሯ ሸብቷል፣ እኔም ጥርሴ ሁለቱ ወልቋል።

«ማሩን» አለች ሁሉ እየሰማ። ከዚያ ለእኔ ብቻ፣ «አንቺ አሮጊት፣ ቶሎ በይ፣ ጉልበቴን እያመመኝ ነው» አለችኝ።

ሣሩን ነካሁ። ይቅር ያልኳት በማን ስም እንደሆነ እስከ ዛሬ በደንብ አላውቅም፤ በሟቹ ይሁን፣ በቤቴ ይሁን። ከዚያ እጇን ይዤ አነሣኋት፤ የዕርቁ በግ ታርዶ ለሁለቱም ወገን በአንድ ትሪ ሲቀርብ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ አፌ ውስጥ የከተተችው ቡልቱ ናት።